ሳይጠየቅ የተወሰደ ፊት

የእምሩ ሥዕል ሲጀመር ሁለት ፎቅ ያህል ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቱ የፒያሳን ሲኒማ ቤቶች ሰሌዳ ከሚቀቡ ሰዎች ጋር መሰላል ላይ ሲውል፣ የአንድ ተዋናይ አፍንጫ ብቻውን አንድ ባልዲ ቀለም ይጨርስ ነበር። የአንዲቱን ኮከብ ላይኛ ከንፈር ቀብቶ ሳይጨርስ ምሳ ሰዓት ደርሶበት፣ ወርዶ፣ በልቶ፣ ማኪያቶውን ጠጥቶ፣ ታችኛው ከንፈር ላይ የደረሰው በማግስቱ ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ከዚያ የካሴት ሥራ መጣና ሥዕሉ መዳፍ አከለ። ሲዲ ሲመጣ ትንሽ ሰፋ አለለትና ደስ አለው፤ ደስታው ግን ብዙም አልከረመ። ዛሬ የሚስለው ስልክ ላይ ለሚሰማ ሙዚቃ ነው፤ ለፊልም ማጀቢያ፣ ለቪዲዮ ጌም ማጀቢያ። አድማጩ አውራ ጣቱን ሲያሳርፍበት የሦስት ሳምንት ድካሙ እንዳለ ከጥፍር ሥር ይሰወራል።

«ሰው በሥራው ከፍ ከፍ ይላል፤ እኔ እያነስኩ መጣሁ። አሥር ዓመት ከቆየሁ በአጉሊ መነጽር ነው የምትፈልጉኝ» ይላል፣ ከምኒልክ አደባባይ ትንሽ ወረድ ብሎ ባለው ካፌ፣ ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ። የሥራ ክፍሉ ከካፌው በላይ ነው። ወደ ላይ የሚያወጣው የእንጨት ደረጃ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው ይባላል፤ ሲረግጡት በጣሊያንኛ የሚሳደብ ይመስላል።

እምሩ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ፊት ከባዶ መፍጠር አይችልም። ዛፍ፣ ሰማይ፣ ዘንዶ፣ እየነደደ የሚወድቅ የጠፈር መርከብ ከልቡ አውጥቶ ይስላል፤ የሰው ፊት ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቀጥ ይላል። የግድ እውነተኛ ሰው ማየት አለበት። ስለዚህ ሃያ ዓመት ሙሉ ፊት የሚበደረው ከታች ከካፌው ነው። በአንድ የፍቅር ፊልም ማጀቢያ ሽፋን ላይ ዝናብ ውስጥ ቆሞ የሚንሰቀሰቀው አፍቃሪ የካፌው አስተናጋጅ ነው። በአንድ ጌም ላይ ሦስት ፕላኔት የሚገዛው ንጉሥ ከውጭ መኪና የሚያስቆመው ሰውዬ ነው። የጠፈር መርከቡ አዛዥ ደግሞ ጌዲ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ከደብረ ዘይት አልፎ የማያውቀው፣ የካፌው የማዕዘን ጠረጴዛ ባለርስት ጌዲ።

ሌላም ነገር ነበረ። እምሩ በልጅነቱ ቀለም መበጥበጥ የተማረው ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ፣ ከመሪጌታ ዕዝራ ነው። መሪጌታ ዕዝራ ከአባቶቻቸው የወረሱት ደንብ ነበራቸው። ደግ ሰው ፊት ለፊት ይሳላል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉ ሰው ወደ ጎን ዞሮ ይሳላል፤ የሚታየው ዓይኑም አንድ ብቻ ነው። «ከሓዲን ሁለት ዓይን ሰጥተህ ባገኝህ ብሩሹን በጆሮህ ነው የምሰካው» ይሉት ነበር። እምሩ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወጥቶ ጌም ውስጥ ቢገባም ደንቡ ከእጁ አልወጣም። ሽፋኖቹ ላይ ጻድቁ ሁሉ ያፈጥጣል፤ ወንጀለኛው ሁሉ አንገቱን አዙሯል።

ይህን ፒያሳ ያውቃል። አዲስ ሽፋን ሲወጣ ካፌው ውስጥ የሚጠየቀው ሥዕሉ አማረ አላማረ አልነበረም። «ስንት ዓይን ሰጠኸኝ?» ነበር። ባለ ሥጋ ቤቱ የማነ በአንድ የፖሊስ ፊልም ማጀቢያ ላይ ባለ አንድ ዓይን አፋኝ ሆኖ የወጣ ጊዜ፣ ለእምሩ ሦስት ወር ሙሉ አጥንት ብቻ ሲመዝንለት ከረመ። ነገሩ ያለቀው በሽማግሌ ነው። ሽማግሌዎቹም አራት ማኪያቶ ከፊታቸው ደርድረው ሕግ አወጡ፦ ሁለት ዓይን የሚሰጠው ሰው ያመስግን እንጂ አይጠየቅ፤ አንድ ዓይን የሚሰጠው ሰው ግን አስቀድሞ ይጠየቅ፤ እሺ ካላለ ፊቱ አይነካ። እምሩ ተነሥቶ በሁሉም ፊት ቃል ገባ። ስድስት ዓመት ሙሉም ቃሉን ጠበቀ።

ኢየሩስ የመጣችው በመስከረም ነው። ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከጓደኞቿ ጋር ቸርችል ጎዳና ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው ጌም ይሠራሉ፤ ሙዚቃው የእሷ ነው። ተሳዳቢውን ደረጃ እየዘለለች ወጣችና ከእምሩ ቀለም ቆርቆሮ በአንዱ ላይ ቁጭ አለች።

«ጋሽ እምሩ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማውን ድምፅ የምትበላ ሴትዮ አለች። የታክሲ ጥሪ ትበላለች፣ የደወል ድምፅ ትበላለች፣ የሊስትሮ ብሩሽ ኳኳታ ትበላለች። ተጫዋቹ እየተከታተለ ያስተፋታል። ጌሙም 'ድምፅ በሊታ' ነው የሚባለው። ሽፋኑ ላይ እሷን እፈልጋለሁ። አፏን ከፍታ።»

«ኮምፒዩተሩ አይስልልሽም እንዴ? ዘንድሮ ሁሉን የሚሠራው እሱ አይደል?»

«ሞክረነዋል። ስልሳ አራት ጥርስ ሰጣት። ደግሞ ማንንም አታስፈራም፤ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ነው የምትመስለው። እኔ ሰው ነው የምፈልገው ጋሼ። ያያት ሁሉ ጆሮውን እንዲይዝ።»

እምሩ ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያ ጌዲን አስቀመጠው። ጌዲ በሕጉ መሠረት ተጠየቀ፤ «ለጥበብ ስል አንድ ዓይን ይበቃኛል» ብሎ ፈቀደና አፉን ከፈተ። በአምስተኛው ደቂቃ እንቅልፍ ወሰደው፤ ሥዕሉም የሚያዛጋ ዘበኛ ሆኖ ቀረ። የማነ ተጠየቀ፤ «ዳግመኛ አንድ ዓይን? አሁን በቢላዋ ነው የምንነጋገረው» አለ። እምሩ መስታወት ፊት ቆሞ በገዛ አፉ ሞከረ። ኢየሩስ ይህንን ስታይ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መንጋጋውን ያመመው ሰው ነው።» ከዚያ ቆም ብላ አየችው። «አፉ ተከፍቷል እንጂ ከውስጥ የሚወጣ ነገር የለም።»

እምሩን ያጠፋው ይህ ቃል ነው። ከውስጥ ነገር የወጣበትን አፍ አንድ ጊዜ አይቶ ያውቃል። ያውም ስልኩ ውስጥ አለ።

እትዬ ጥሩነሽ አፍንጮ በር፣ እምሩ በሚኖርበት ግቢ፣ ፊት ለፊቱ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ጊዮርጊስ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቃቸው ጧፍና የጸሎት መጽሐፍ ይሸጣሉ። እናቱ ታማ በተኛችበት ዓመት የእሱን ሸሚዝ ከልጃቸው ከቃለጽድቅ ሸሚዝ ጋር አብረው እያጠቡ፣ አብረው አስጥተው፣ አብረው ያጣጥፉለት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ቃለጽድቅ በሠላሳ ዓመቱ፣ በሁለት ሳምንት ሕመም፣ ኢየሩስ ከመምጣቷ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ሰኔ ላይ ሞተ።

ለቅሶው ዕለት ድንኳኑ በር ላይ የእትዬ ጥሩነሽ የእህት ልጅ ምብራት እምሩን ጠራችው። «ውጭ ያለችው አክስቴ አልደረሰችም። ላስከሬኑ ሽኝት እንኳ ዓይኗ ይድረስ። ያንተ እጅ አይንቀጠቀጥም፤ ቅረጽልን» አለችው። ቀረጸ። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ ሦስት ሴቶች ይዘዋቸው፣ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ድምፁ ወዲያው አልወጣም። መጀመሪያ አፉ ብቻ ተከፈተ፤ ድምፁ ከሩቅ፣ ከብዙ ደረጃ በታች እየተነሣ መጣ። ምብራት ከጎኑ «በቃ እምሩ፣ ይበቃል» አለችው። ቪዲዮው ለአክስቲቱ ተላከ። ከስልኩ ግን አልጠፋም።

አሁን ያንን ከፈተ። «አፉን ብቻ ነው የማየው» አለ። ሰው ራሱን ሲያታልል እንደ ራሱ ያለ የዋህ ደንበኛ አያገኝም። ከአፉ ወደ ጉንጩ፣ ከጉንጩ ወደ አንገቱ ሥር፣ ከአንገቱ ሥር ወደ ዓይኑ ሄደ። ወደ ጎን አዞራቸው። ቀንድ ጨመረ፣ ሹሩባውን እባብ አደረገው፣ ጥርሱን አሾለው። ሕጉ ትዝ ሲለው «ሕጉ የካፌ ሕግ ነው፤ እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ ካፌ አይገቡም» አለ። በሦስተኛው ቀን ማታ ብሩሹን ሲያስቀምጥ፣ በሠላሳ ዓመት ሥራው እንደዚህ ያለ ሥዕል ሠርቶ እንደማያውቅ አወቀ። ሲኒማ ቤቱ ግንባር ላይ ያልሠራውን፣ ጥፍር በምታህል ሽፋን ላይ ሠራው።

ኢየሩስ ስታየው ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

ሙዚቃው ከጥምቀት በኋላ ወጣ። በየካቲት ያልሰማው ጆሮ ወይ የተኛ ወይ የተቀበረ ነበር። ታክሲው እሱን ይዘፍናል፣ ጸጉር ቤቱ እሱን ይዘፍናል፤ ባቡሩ ሳይቀር ከመሬት ሥር ሲወጣ በእሱ ምት ነው የሚንኳኳው የሚሉ ነበሩ። ከሙዚቃው ይልቅ ግን የሚወራው ስለ ሽፋኑ ነው። ልጆች ስልክ ገልብጠው ይተኛሉ ተባለ። አንዲት አራስ አይታው ጡቷ ደረቀ፣ ሌላዋ አይታው ወተቷ ጎረፈ ተባለ። እምሩ ካፌ ሲገባ ሰው ይነሣለት ጀመር።

«የማን ፊት ነው? ንገረን እንጂ!» አለ ጌዲ፣ ወንበር ስቦለት።

«ከልቤ ነው።»

«አንተ? ከልብህ? አንተ እኮ ከልብህ የገዛ አባትህን ፊት መሳል አትችልም!»

ካፌው ሳቀ። እምሩም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ከመጋሉ የተነሣ የቀዘቀዘ ማኪያቶ ቢያስጠጉለት መልሶ ያፈላው ነበር። የተመሰገነ ቁጥር ሀፍረቱ ይወፍራል። ከዚህ በፊት የናቀው ሰው ነበር፣ የሰደበው ነበር፣ ሥዕሉን ገልብጦ የሰቀለበትም ነበር፤ አንዱም እንዲህ ወንበር ላይ አላስቁነጠነጠውም። «እጅህ ይባረክ» ሲሉት እጁን ኪሱ ይከታል። ማኪያቶ ሲጋብዙት ለጋባዡ ሳይሆን ለብርጭቆው ያቀረቅራል።

ምነው በዚሁ ባለቀ። አልሆነም። አንድ ማንነቱ ያልታወቀ አታሚ የድምፅ በሊታን ፊት ትሪ ትሪ በሚያክል ወረቀት አባዝቶ ታክሲ ላይ የሚለጠፍ አድርጎ አወጣው። በሁለት ሳምንት ውስጥ በቸርችል ጎዳና የሚወጣና የሚወርድ ሚኒባስ ሁሉ በኋላ በሩ ላይ አፏን የከፈተች ባለ ቀንድ ሴት ተሸክሞ ታየ። የእምሩ ሥዕል ከስንት ዓመት በኋላ እንደገና አደገ። እትዬ ጥሩነሽም ሱቃቸው ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የገዛ ለቅሷቸው በየሦስት ደቂቃው በፊታቸው ሲያልፍ ይውላሉ።

እምሩ መንገድ ለወጠ። በጊዮርጊስ በኩል የሩብ ሰዓት የነበረችውን መንገድ ዞሮ ዞሮ የአንድ ሰዓት ጉዞ አደረጋት፤ ጫማው ከእሱ ቀድሞ አረጀ። የግቢው ቧንቧ ያለው እትዬ ጥሩነሽ በር ላይ ስለሆነ ፊቱን የሚታጠበው ሥራ ቦታው ነው። ሲገባ በሩን እንደ ሌባ ይገፋዋል፤ ሲወጣ በቁልፍ ቀዳዳ ያያል። አንድ ቀን በቀዳዳው ሲያይ እሳቸውም በዚያ ማዶ ቆመው ወደ በሩ ሲያዩ አገኛቸውና ግማሽ ቀን ትንፋሹን ውጦ ዋለ።

በግንቦት መጀመሪያ ደወሉለት።

«እምሩ፣ ምነው ጠፋህብኝ? አሞሃል እንዴ?»

«ሥራ ነው እትዬ። ሥራ በዝቶብኝ።»

«ሰምቻለሁ፤ ሰው ሁሉ ስላንተ ነው የሚያወራው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሱቅ ድረስ ና። የማስቸግርህ ነገር አለኝ።»

ሄደ። ሄደ ከሚባል እግሩ ወሰደው ቢባል ይሻላል።

እትዬ ጥሩነሽ በርጩማ አስጠግተው አስቀመጡት። «ከሳህ» አሉት። «ይኸው፣ የቃለጽድቅ ሙት ዓመት ደረሰ። ሰው ሁሉ ፎቶ አሳድጎ ነው የሚሰቅለው፤ እኔ ግን አንተ እንድትስለው ነው የምፈልገው። አንተ የሳልከው ሰው ይተነፍሳል ይላሉ።» ከዚያ መሳቢያቸውን ሳቡ። «ይችንም ያንተ ሥራ ናት ሲሉኝ ከአንዱ ሾፌር ለምኜ አንድ ወሰድኩ። ከቅዱሳኑ ሥዕል ጋር አይሆንም ብዬ እዚህ አኑሬያት ነበር።» ድምፅ በሊታን አውጥተው ጭናቸው ላይ ዘረጉ፤ መነጽራቸውን አደረጉ።

እምሩ የሱቁን ጣሪያ አየ። ጣሪያው አልወደቀም።

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። «ይቺ ጋኔን ናት ነው የሚሉት?»

«ጌም ነው እትዬ። የልጆች ጨዋታ ነው። ድምፅ የምትበላ ናት።»

«የሚበላ ሰው አፉን እንዲህ አይከፍትም። የሚበላ ሰው ዓይኑ ምግቡ ላይ ነው፤ የዚች ዓይን የትም የለ።» ጣታቸውን በተከፈተው አፍ ዙሪያ ቀስ አድርገው አዞሩት። «ጋኔን አይደለችም። ሰው ሞቶባታል። ቀንዱን አንተ ነህ ያበቀልክባት።» ቀና ብለው አዩት። «የማን እናት ናት?»

እምሩ ሌላ ስም ሊናገር ፈለገ። ዓለም በሰው ስም የተሞላች ናት፤ ያን ጊዜ ግን አንድም አልመጣለትም።

«የቃለጽድቅ» አለ።

አንዲት ሴት ጧፍ ልትገዛ መጣች። እትዬ ጥሩነሽ ተነሥተው አምስት ጧፍ ቆጥረው ሰጡ፤ «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ተባባሉ፤ ሴትዮዋ ሄደች። ተመልሰው ተቀመጡ። ሥዕሉ መሬት ወድቆ ነበር፤ አነሡትና አቧራውን አራገፉለት።

«ከየት አገኘኸው? እኔ መስታወት ፊት አላለቀስኩም።»

«ቀርጬ ነበር። ምብራት ለአክስቷ ብላ…»

«አሳየኝ።»

«እትዬ፣ ይቅርብዎ…»

«አሳየኝ አልኩህ።»

ስልኩን ሰጣቸው። ሱቋ ውስጥ የዚያ ዕለት ሁካታ ተነሣ፤ የድንኳኑ ጩኸት፣ የደረት ድቂያ። እትዬ ጥሩነሽ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ። ከስልኩ የምብራት ድምፅ ተሰማ፤ «በቃ እምሩ፣ ይበቃል።» ቪዲዮው ግን አልቆመም። ቀጠለ። እንዲያውም ቀረበ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ የእሳቸውን ፊት ብቻ፣ ከድንኳኑ ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን ወዲህም ወዲያም እየዞረ አሳየ። እምሩ ይህን ለማንም አልተናገረም ነበር፤ ለራሱም ቢሆን አልተናገረም። አሁን ስልኩ ራሱ አንድም ሳያስቀር መሰከረበት።

ሲያበቃ እትዬ ጥሩነሽ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይበቃል ካለችህ በኋላ ምን ፈልገህ ነው?»

መዋሸት ይችል ነበር። ስልኩ ተበላሽቶ፣ ጣቴ ተንሸራትቶ፣ ደንግጬ፤ ሁሉም ምላሱ ጫፍ ላይ ተሰልፈው ነበር።

«ብርሃኑ ጥሩ ነበር» አለ።

ስልኩን መለሱለት። ሥዕሉን አጣጥፈው መሳቢያው ውስጥ ከተቱት፤ መሳቢያውን ዘጉት።

«የልጄን ሥዕል ተወው» አሉ በመጨረሻ። «ፎቶውን አሳድጌ አሠራለሁ። ሂድ አሁን።»

እምሩ ሳምንት ሙሉ ቅጣቱን ጠበቀ። ምብራት መጥታ ታዋርደኛለች አለ፤ አልመጣችም። ዕድሩ ይሰርዘኛል አለ፤ አልሰረዘውም። ካፌ ገብቶ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ጠረጴዛ ፊት ራሱን እንደ በግ አቀረበ፤ «ቁጭ በል እንጂ ጀግናው!» አሉት። እትዬ ጥሩነሽ ለማንም አልተናገሩም። ቧንቧው ጋ ሲገናኙ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይሉታል፤ ድምፅ የለም። በአደባባይ ቢሰድቡት፣ በሠላሳ ጅራፍ ቢያስገርፉት፣ ከነብሩሹ ከአፍንጮ በር ቢያባርሩት ይመርጥ ነበር። ዝምታቸው ግን በየቀኑ ከአጠገቡ ውኃ ይቀዳል፤ ባልዲውን ይዞ ይገባል።

በስምንተኛው ቀን ቸርችል ወርዶ ለኢየሩስ ነገራት። ልጅቷ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ደርቃ ቀረች።

«እኔ ነኝ አይደል? ከውስጥ የሚወጣ ነገር የለም ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«አንቺ ሥራሽን ነው የጠየቅሽኝ። ፊቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ጋሽ እምሩ፣ ሼም ነው ይሄ» አለች፤ ለእሱ ትሁን ለራሷ አልታወቀም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሽፋኑን ከስልኩ ሁሉ አንሥታ ጥቁር መደብ ላይ ስሙን ብቻ ጽፋ ተካችው። «ታክሲዎቹን ግን ምንም ማድረግ አልችልም። እነሱን እኛ አይደለንም ያተምናቸው። የት እንዳሉ እንኳ አናውቅም።»

የት እንዳሉ እምሩ ያውቃል። በማግስቱ ጠዋት አንድ ምላጭ፣ አንድ ጠርሙስ ናፍጣና የአሮጌ ሸሚዝ ቁራጭ ይዞ ታክሲ ተራው ላይ ተገኘ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ኋላ በርከክ ብሎ መላጥ ጀመረ።

«አንተ ሰውዬ! ምን ሆነህ ነው?» አለ ሾፌሩ እየሮጠ መጥቶ።

እምሩ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፍቶ «አዲስ ሕግ ወጥቷል። ሥዕል የለጠፈ ይቀጣል» አለ።

ሾፌሩ አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። ፒያሳ ላይ አዲስ ሕግ ወጣ ሲባል የሚጠየቀው ከየት ወጣ ሳይሆን ከመቼ ጀምሮ ነው። «ከመቼ ጀምሮ?» አለ። «ከዛሬ።» ወሬው በሰልፉ ላይ እንደ ናፍጣ እሳት ሮጠ፤ ሾፌሩ በቁልፍ፣ ረዳቱ በጥፍር፣ ተራ አስከባሪው በሳንቲም ይፍቅ ጀመር። እስከ አራት ሰዓት አሥራ ሰባት ሚኒባስ ንጹሕ ሆነ። አንዱ እንዲያውም የባለቤቱን ስልክ ቁጥር አብሮ ፍቆ ጣለው። እምሩ ግን ምላጩን ይዞ ቆመ። ውሸቱ በአንድ ጠዋት የሠራለትን እያየ ፊቱ ነደደ። እትዬ ጥሩነሽ ከእነዚህ መኪኖች ላይ የሚነሡት መንግሥት ስላዘዘ ሆነ ማለት ነው።

አሥራ ስምንተኛዋ ሚኒባስ የሰዓዳ ነበረች። ሰዓዳ በዚያ ተራ ያለች ብቸኛ ሴት ሾፌር ናት፤ በድምፅዋ ብቻ ሦስት መኪና ወደ ኋላ ታስኬዳለች ይባላል። እጇን በወገቧ አድርጋ በሩን ከለከለችው።

«ሕግ ከሆነ ወረቀት አሳየኝ።»

«ወረቀት የለም።»

«አንተ ማን ነህ ታዲያ? ደንብ አስከባሪ ነህ? ትራፊክ ነህ?»

«የሳልኩት እኔ ነኝ።»

ሰዓዳ ሣቀች። «ይቺን? እና የገዛ ሥራህን ልትልጥ? እብድ ነህ!»

እምሩ ነገራት። አሳጥሮ ለመናገር አስቦ ነበር፤ አልቻለም። የሸሚዙን መታጠብ፣ የልጁን ሞት፣ ድንኳኑን፣ ይበቃል መባሉን፣ ብርሃኑን፤ ሁሉንም። የሴትዮዋን ስም ብቻ አልጠራም። መሐል ላይ ሲደርስ ሌሎቹ ሾፌሮች መፋቁን ትተው ተሰበሰቡ። ጌዲም ለካፌው ቂጣ ይዞ በዚያ ሲያልፍ ቆሞ ሰማ፤ ቂጣው በእጁ ላይ ቀዘቀዘ። ጌዲ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልመጣለትም።

«እናትየዋ ያውቃሉ?» አለች ሰዓዳ።

«ያውቃሉ።»

«ሰው ሁሉስ?»

«አሁን ያውቃል።»

ሰዓዳ ከበሩ ዘወር አለች። «እኔ አልነካውም» አለች። «አንተው ላጠው።»

ላጠ። ማንም አላገዘውም፤ ማንም አልሄደም። ናፍጣው እጁን አቃጠለው። ቀንዱ ተነሣ፣ እባቡ ተነሣ፣ አፉ ግን ሙጫው ጠንክሮበት እንደተከፈተ ቀረ። ያን ሲፍቅ ነው ሾፌሮቹ ድንገት መንገድ የለቀቁት። እትዬ ጥሩነሽ የተላጡት መኪኖች በሱቃቸው ደጃፍ ሲያልፉ አይተው፣ ዣንጥላቸውን ተደግፈው ዳገቱን ወጥተው ከኋላው ቆመዋል። ሰዓዳ በበሩ ላይ የቀረውን አፍ አየች፣ ሴትዮዋን አየች፤ ራሷ ላይ ያለውን ሻሽ አስተካክላ ወደ ጎን ቆመች።

«ይህን ሁሉ የላጥከው አንተ ነህ?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«ይችን ብቻ እትዬ። ሌሎቹን ዋሽቼ ነው ያስላጥኩት። ሕግ ነው ብዬ።»

«አሁንስ ምን አልካቸው?»

«እውነቱን።»

«ስሜን ጠራህ?»

«አልጠራሁም። የራሴን ነው የጠራሁት።»

እትዬ ጥሩነሽ ከበሩ ላይ የቀረውን ለጥቂት ጊዜ አዩ። ፊታቸው አልተፈታም፤ አልተቋጠረምም።

«ሰኔ ሃያ አንድ ነው ሙት ዓመቱ» አሉ። «ድንኳን የሚተክል ሰው አጥቻለሁ። በጠዋት ና።»

«እሺ እትዬ።»

ሁለት እርምጃ ሄደው ዞር አሉ።

«ስልክህን ቤት ትተህ ና።»

ቁልቁል ወደ ሱቃቸው ወረዱ። እምሩ ዣንጥላቸው ከሰው መሐል እስኪጠፋ ድረስ ምላጩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሰዓዳ ቁልፏን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ጨርስ እንጂ፤ ተራዬ ደርሷል።»